ለአሮጌ ሞተሮች ትክክለኛውን የዘይት ፊልትሮ ስለ ማግኘት
ለአስመጪዎችና ለመለዋወጫ ዕቃ ሻጮች የቀረበ ማስታወሻ

በአዲስ አበባና በሌሎችም የአገራችን ከተሞች ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ዛሬም ጧት ለሥራ ሲወጡና ማታ ሲመለሱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሕዝቡ በአጭሩ «ቮልስ» ብሎ የሚጠራው ቮልስዋገን፣ የገጠሩን መንገድ የለመደው ላንድ ሮቨር፣ ባለ ናፍጣው መርቸዲስ፣ በሰማያዊና በነጭ ቀለሙ የታወቀው የላዳ ታክሲ፣ አልፎ አልፎም ከጣልያን አገር የመጣው ትንሹ ፊያት፣ ለአንዱ የዕለት እንጀራ፣ ለሌላው የቤተ ሰብ ቅርስ ሆነው ይኖራሉ። እነዚህ መኪናዎች ከፋብሪካቸው ከወጡ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም፣ ዘይታቸው በጊዜው ከተለወጠና በሚገባ ከተጣራ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ የሚችሉ ናቸው።

ዘይቱን የሚያጣራው ዕቃ «ፊልትሮ» የምንለው ነው። ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ለአሮጌ ሞተር ትክክለኛውን ፊልትሮ ማግኘት፣ ዕቃውን ለሚያስመጣውም ሆነ በሱቁ ለሚሸጠው ነጋዴ፣ ዕውቀትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ሳምንት ይህን ጉዳይ በዝርዝር ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ ያነሣሣን ምክንያት ይኸው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን አሳሳቢ ሆነ

እንደሚታወቀው፣ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት ከፍ ያለ ቀረጥ የሚከፈልበት ሆኗል። ከዚያም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የብር የምንዛሪ ዋጋ ዝቅ አለ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወደደ።

ከነዚህ ሦስት ነገሮች የሚከተለው ውጤት ግልጽ ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን በሌላ የነዳጅ መኪና በቀላሉ ሊለውጠው ስለማይችል፣ ያለውን ጠብቆ ለማቆየት ይገደዳል። ሞተሩን ለማሳደስ የሚያስፈልገው ገንዘብም ከቀድሞው እጅግ በልጧል። ስለዚህ በአንድ ፊልትሮ ስሕተት የሚጠፋው ሞተር ቀድሞ ከሚጠፋው ሞተር ይልቅ ዛሬ የበለጠ ጉዳት ያመጣል። ጉዳቱም ለባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ የሱቁን ስምና የደንበኛውን እምነት ይዞ ይሄዳል።

የፊልትሮ ሥራ

ሞተር ሲሠራ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፤ ከነዳጁ መቃጠል ጥቀርሻ ይፈጠራል፤ ከመንገድም አቧራ ይገባል። እነዚህ ሁሉ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅለው በሞተሩ ውስጥ ይዞራሉ። ኮሎው በሚዞርባቸው ማረፊያዎች ላይ ያለው ክፍተት የሚሊ ሜትር መቶኛዎች ያኽል ብቻ ስለ ሆነ፣ በዓይን የማይታይ የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ብረቱን ሊቦጭረው ይችላል። የፊልትሮ ሥራ ይህን ቅንጣት ከዘይቱ ለይቶ መያዝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ላይ ይህን የመሰለ ማጣሪያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1923 ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ፒዩሮሌተር» ብለው የሰየሙትን የዘይት ማጣሪያ አወጡ፤ በሚከተለው ዓመት የክራይስለር አውቶሞቢል ይህን ዓይነት ማጣሪያ ይዞ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ የየአገሩ ፋብሪካዎች የየራሳቸውን መንገድ ስለ ተከተሉ፣ በአሮጌ ሞተሮች ላይ የምናገኘው ማጣሪያ አንድ ዓይነት አይደለም። የሻጩ የመጀመሪያ ተግባርም ደንበኛው የያዘው ሞተር ከየትኛው ዓይነት እንደ ሆነ መለየት ነው።

አምስት ዓይነት አሠራሮች

አንደኛው ወንፊት ነው። ለዚህ ዋናው ምሳሌ ቮልስ ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በ2003 በሜክሲኮ፣ በፑዌብላ ከተማ የመጨረሻው እስኪሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በአየር የሚቀዘቅዘው የታወቀው ሞተሩ የወረቀት ፊልትሮ የለውም። በሞተሩ ሥር፣ በስድስት ትንንሽ ዳዶዎች በታሰረ ክብ ክዳን ላይ የሚያርፍ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ «የቮልስ የዘይት ፊልትሮ አለ ወይ?» ብሎ የመጣ ደንበኛ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሁለት የወረቀት ጋስኬቶችና ስድስት የመዳብ ሮንዴላዎች ናቸው። ወንፊቱ ካልተቀደደ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል። ከተቀደደ ግን አዲስ መግዛት ግድ ነው፤ በሚገዛበትም ጊዜ የወንፊቱ ቀዳዳ ከዘይት መምጠጫው ቱቦ ጋር ሳይላላ መግጠሙ መታየት አለበት፤ ቀዳዳው በየዘመኑ ሞተር የተለያየ ነውና። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለ ሆነና ወንፊቱ ደቃቁን ቆሻሻ ስለማይዝ፣ ፋብሪካው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ እንዲለወጥ ያዝዝ ነበር። ዳዶዎቹን ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን በቀላሉ የሚበላሸውን የሞተሩን ገላ ጥርስ ይነቅላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ በሜክሲኮ የተሠሩት የመጨረሻዎቹ ቮልሶች ተጠምዝዞ የሚገጠም ፊልትሮ እንዳላቸውም መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው በሽክርክሪት የሚያጣራው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1975 የተሠራው ፊያት 500 እና ከእርሱ በኋላ የመጣው ፊያት 850 ይህ ዓይነት ማጣሪያ አላቸው። በኮሎው ጫፍ ላይ ያለው ፑሌጃ ውስጡ ክፍት ነው፤ ዘይቱ በዚያ ሲያልፍ በሽክርክሪቱ ኃይል ከባዱ ቆሻሻ ወደ ዳር ተወርውሮ በግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ይህ ማጣሪያ ተገዝቶ የሚለወጥ ውስጥ ዕቃ የለውም። የሚያስፈልገው በየጊዜው ክዳኑን ከፍቶ የተጠራቀመውን ጭቃ መሰል ነገር መጥረግና የክዳኑን ጋስኬት መለወጥ ነው። ለነዚህ መኪናዎች «ፊልትሮ ጠፋ» እየተባለ በየሱቁ የሚደረገው ፍለጋ ከመነሻው ከንቱ ድካም ነው።

ሦስተኛው ከዘይቱ በከፊል ብቻ የሚያጣራው ነው። እንደ ጥንታዊው ዊሊስ ጂፕ ባሉት ሞተሮች ላይ ፊልትሮው ከሞተሩ ተለይቶ በራሱ ቆርቆሮ ቤት ይቀመጣል፤ በአንድ ቀጭን ቱቦ ዘይት ይገባበታል፤ በሌላው ይመለሳል። በአንድ ጊዜ በማጣሪያው የሚያልፈው ከዘይቱ አንድ ዐሥረኛው ያኽል ብቻ ነው። ይህንም የሚወስነው በመንገዱ ላይ ያለ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ይህ ቀዳዳ በስሕተት ከሰፋ ወይም ከናካቴው ከቀረ፣ ለማረፊያዎቹ የሚደርሰው የዘይት ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ የዚህን ዓይነት ማጣሪያ ዘይቱን ሁሉ ከሚያጣራ ዓይነት ጋር ማለዋወጥ አይቻልም።

አራተኛው በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚገባ የወረቀት ፊልትሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1985 ድረስ በተከታታይ የተሠሩት ባለ 2.25 ሊትር ላንድ ሮቨሮች ይህ አላቸው። ቆርቆሮው በአንድ ረዥም ቡሎን ይታሰራል፤ ወረቀቱ ብቻ ወጥቶ ይለወጣል። የፋብሪካው የዕቃ ቁጥር አር.ቲ.ሲ. 3184 ነው። ከወረቀቱ ጋር ትልቁ የጎማ ቀለበት አብሮ መሸጥ አለበት። ባለ ናፍጣው መርቸዲስ 240 ደግሞ ከአንድ ዕቃ ሁለት ክፍል ያለው ፊልትሮ አለው፤ አንደኛው ክፍል ዘይቱን ሁሉ በሰፊው ያጣራል፣ ሁለተኛው ከዘይቱ በከፊሉን ወስዶ እጅግ አድርጎ ያጣራል። ባለ ናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ስለሚበዛበት ይህ ሁለተኛው ክፍል ለጌጥ የተደረገ አይደለም። መጠኑ ቢስማማም ባለ አንድ ክፍል የሆነ ዕቃ በምትኩ ማስገባት አይገባም።

አምስተኛው ሁላችንም የምናውቀው፣ ከነቆርቆሮው ተጠምዝዞ የሚገጠመውና ሲያረጅ ከነቆርቆሮው የሚጣለው ነው። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ የተስፋፋ ሲሆን፣ ላዳንና አብዛኞቹን የጃፓን መኪናዎች ይጨምራል። አያሌ ስሕተት የሚፈጸመውም በዚህኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለዓይን ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

«ገጥሟል እኮ!»

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌ ላዳ ነበረው። አንድ ቀን ፊልትሮ ለመግዛት ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልግ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ወጣትና ሰው አክባሪ ነበር። የላዳው ፊልትሮ ማለቁን ነግሮ፣ የሌላ መኪና ፊልትሮ አምጥቶ መጠኑን ከአሮጌው ጋር አስተያየና፣ «ጋሼ፣ ቁመቱም ጎማውም ያው ነው፤ ይሞክሩት» አለ። መካኒኩ ሲያዞረው ያለ ችግር ገባ። እንዲያውም እጅግ በመቅለሉ «ይኸውና ገጥሟል እኮ!» ብሎ ሥራውን ጨረሰ። እኔም ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድሁ።

በማግሥቱ ጧት ብርዱ ጠንክሮ ሳለ ወደ ደብረ ብርሃን ለመሄድ ተነሣሁ። ሰንዳፋን እንዳለፍሁ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። ፀሐዩ ፊት ለፊት ስለ ነበር ወዲያው አላየሁትም። መኪናውን ዳር አስይዤ በወረድሁ ጊዜ ፊልትሮው ከቦታው ወልቆ፣ ዘይቱ በሙሉ በመንገዱ ላይ እንደ ጥቁር መቀነት ተዘርግቶ ነበር። ሞተሩ ከዚያ በኋላ አልዞረም። ኮሎውና ማረፊያዎቹ ተበልተው ተገኙ። ለአንድ ፊልትሮ ስል ሞተር አሳደስሁ፤ ለእድሳቱም የከፈልሁት ለመኪናው መግዣ ካወጣሁት ብዙም አያንስም ነበር።

ምክንያቱን በኋላ የተረዳሁት ከአንድ የቶርኖ ባለሙያ ነው። የላዳ ሞተር ፊልትሮ የሚታሰርበት ጥርስ ስፋቱ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ በአንድ ኢንችም ውስጥ 16 ጥርስ ያለው ነው። ይህም በሚሊ ሜትር ሲታሰብ 19.05 ነው። ተሸጦልኝ የነበረው ግን 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና በየጥርሱ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ነበር። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የጥርሶቹም ርቀት ለጥቂት ዙር ያኽል የሚቀራረብ ስለ ሆነ ሰፊው በጠባቡ ላይ ያለ ተቃውሞ ይዞራል፤ ጎማውም ሲነካ የጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን ጥርሶቹ የተያያዙት በጫፋቸው ብቻ ነው። ጧት በብርድ ዘይቱ ወፍራም በሆነ ጊዜ ግፊቱ ከፍ ስለሚል፣ ያ የጫፍ መያያዝ ሊቋቋመው አልቻለም።

ስለዚህ ሻጩም መካኒኩም ይህን ልብ ይበሉ፤ ፊልትሮ መግጠሙ ብቻውን ትክክለኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ከልክ በላይ ቀሎ የሚገባ ፊልትሮ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል።

ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች

በመጀመሪያ ጥርሱ ይለካል። በአገራችን ገበያ ለሚገኙት ብዙ መኪናዎች ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ ልኮች ዋነኞቹ ናቸው። ላዳና ብዙዎቹ የቶዮታ መኪናዎች የኢንቹን ልክ ይጠቀማሉ፤ ሆንዳ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን ይጠቀማል፤ ኒሳን ደግሞ በቀድሞዎቹ ሞተሮች የኢንቹን፣ በኋለኞቹ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን የሚጠቀም ስለ ሆነ፣ በመኪናው ስም ብቻ መወሰን ያሳስታል። ፊልትሮው እስከ ግማሽ ከገባ በኋላ በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲገፉት መወዛወዝ የለበትም።

ሁለተኛ፣ የጎማው ቀለበት ስፋት በሞተሩ ላይ ካለው ማረፊያ ጋር በትክክል መስማማት አለበት። ቀለበቱ ከማረፊያው በከፊል ከወጣ ዘይት ያፈስሳል።

ሦስተኛ፣ በፊልትሮው አፍ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በስተ ጀርባ የጎማ ሽፋን መኖሩ ይታያል። ይህ ሽፋን ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግድ ነው። ፊልትሮው ወደ ጎን ወይም አፉ ወደ ታች ሆኖ በሚታሰርባቸው ሞተሮች ላይ ይህ ሽፋን ከሌለ፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ለጥቂት ሰኮንድ ያለ ዘይት ይሠራል። ጧት ጧት የሚሰማው የብረት ጩኸት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

አራተኛ፣ የማሳለፊያ ቫልቭ ጉዳይ አለ። ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ወይም ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን፣ ሞተሩ ጨርሶ ዘይት እንዳያጣ ይህ ቫልቭ ተከፍቶ ያልተጣራውንም ዘይት ያሳልፋል። በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቩ በሞተሩ ገላ ላይ ነው፤ በሌሎች በፊልትሮው ውስጥ ነው። ቫልቩ በፊልትሮው ውስጥ እንዲሆን ለታሰበ ሞተር ቫልቭ የሌለው ፊልትሮ ከተሰጠ፣ ወረቀቱ በተደፈነ ቀን ሞተሩ ዘይት ያጣል። ስለዚህ ጥርሱና ጎማው አንድ የሆኑ ሁለት ፊልትሮዎች እንኳ ሁልጊዜ የሚተካኩ አይደሉም።

አምስተኛ፣ አሮጌው ቀለበት መውጣቱ መረጋገጥ አለበት። ተጠምዝዞ በሚገጠመው ላይ አሮጌው ጎማ በሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በላንድ ሮቨሩም ላይ በቦዩ ውስጥ ደርቆ ተቀምጦ የቦዩ አካል ይመስላል። በላዩ ላይ አዲስ ቢጨመርበት ሁለቱ ተንሸራትተው ዘይቱን ይለቁታል። ባለሱቁ ቀለበቱን ሲሸጥ «አሮጌውን በሹል ነገር አውጡት» የሚል አንድ ቃል ቢጨምር፣ ያ ቃል ከቀለበቱ የበለጠ ዋጋ አለው።

በመጨረሻ፣ አዲሱ ጎማ በንጹሕ ዘይት ይቀባል፤ ፊልትሮው ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያኽል ይጠብቃል፤ ሞተሩ ተነሥቶ የሚያፈስስ እንደ ሆነ ይታያል። የወረቀት ፊልትሮን በቤንዚን አጥቦ መልሶ መጠቀም ግን የሚደገፍ ልማድ አይደለም። ወንፊት ይታጠባል፤ ወረቀት አይታጠብም።

በመደርደሪያ ላይ ስለ ቆየ ዕቃ

በመርካቶ፣ በተለይም በሶማሌ ተራና በአካባቢው ባሉ የቆዩ ሱቆች፣ ከብዙ ዓመት በፊት የገቡ ፊልትሮዎች አቧራ ለብሰው በመደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ በዋናው ፋብሪካ የተሠሩ በመሆናቸው ዋጋቸው ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ከመሸጣቸው በፊት በሦስት ነገር መመርመር አለባቸው። ጎማው ደርቆ እንደ ሆነ በጥፍር ተጭነው ይዩት፤ ከደረቀ በአዲስ መለወጥ ይገባል። ወረቀቱ ከጫፉ ክዳን ጋር የተጣበቀበት ማጣበቂያ ተላቆ እንደ ሆነ በዝግታ አዙረው ይመርምሩት። ከሁሉ በላይ ግን በፊልትሮው ውስጥ ዝገት መኖሩን በብርሃን ይዩ። ከተጣራው ዘይት ወገን ያለ ዝገት የሚያግደው ነገር ስለሌለ በቀጥታ ወደ ማረፊያዎቹ ይሄዳል። የዛገ ፊልትሮ በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።

ለአስመጪዎች

ለአሮጌ ሞተር ፊልትሮ ሲታዘዝ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። አስቀድሞ የሞተሩ ዓይነትና ቁጥር፤ ቀጥሎ የመኪናው ፋብሪካ የሰጠው የዕቃ ቁጥር፤ ከዚያ በኋላ የፊልትሮ ፋብሪካዎች የሚያሳትሙት የማነጻጸሪያ ዝርዝር፤ በመጨረሻ ልኩ። እንደ ማንና ማህለ ያሉት የጀርመን ፋብሪካዎች በዝርዝራቸው ላይ የጥርሱን፣ የጎማውን፣ የቁመቱንና የቫልቩን ልክ ያስቀምጣሉ። የላንድ ሮቨር ዕቃ ከእንግሊዝ አገር፣ የቮልስ ዕቃ ከጀርመን፣ እንዲሁም መኪናው ለብዙ ዓመት ከተሠራባቸው ከብራዚልና ከሜክሲኮ ይገኛል። መርቸዲስ ለአሮጌ መኪናዎቹ ዕቃ የሚያቀርብ የራሱ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 በጀርመን አገር በፌልባህ አቋቁሟል። ብዙ ነጋዴ እንደሚያደርገው ከዱባይ መግዛትም ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ መልካሙና የተጭበረበረው ዕቃ ጎን ለጎን ስለሚሸጥ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የተጭበረበረውን ከእውነተኛው በካርቶኑ መለየት ዛሬ አስቸጋሪ ሆኗል። አስተማማኙ መንገድ ከመጣው ጭነት አንዱን ፊልትሮ መሥዋዕት ማድረግ ነው። ቆርቆሮውን በመጋዝ ቆርጠው ይክፈቱት። የወረቀቱ እጥፋት ብዛትና እኩልነት፣ የማጣበቂያው ሙሉነት፣ የቫልቩና የሞላው መኖር፣ የጎማው ሽፋን ልስላሴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። የታወቀውን እውነተኛ ዕቃ አንድ ቆርጦ ለማነጻጸሪያ ማስቀመጥም ይጠቅማል። በአንድ ፊልትሮ ዋጋ የጠቅላላውን ጭነት ጠባይ ማወቅ ርካሽ ነገር ነው።

ለጉምሩክ በሚቀርበው መግለጫ ላይ የሞተር የዘይት ፊልትሮ በታሪፍ ቁጥር 8421.23 ሥር ይመደባል። ለብቻቸው የሚመጡ የጎማ ጋስኬቶች በ4016.93፣ የመዳብ ሮንዴላዎች በ7415.21 ሥር ይገባሉ። ሦስቱን በአንድ ጥቅል ስም «መለዋወጫ» ብሎ ማስመዝገብ ለመዘግየትና ለክርክር በር ይከፍታል።

ሌላው ችግር የብዛት ጉዳይ ነው። የውጭ ፋብሪካዎች በጥቂት ቁጥር መሸጥ አይወዱም፤ አንድ ባለሱቅ ደግሞ በዓመት የሚሸጠው የላንድ ሮቨር ወይም የአሮጌ መርቸዲስ ፊልትሮ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአንድ ሰፈር አራት ወይም አምስት ባለሱቆች ትእዛዛቸውን አዋሕደው በአንድ አስመጪ በኩል ቢያመጡ፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ዕቃውም ሳያረጅ ይሸጣል። ይህ ዓይነት ኅብረት ለነጋዴው አዲስ ነገር አይደለም፤ እቁብ የለመደ ሰው ይህን ማድረግ አይሳነውም።

ስለ ሱቅ መዝገብ

ለባለሱቆች የምናቀርበው ዋናው ምክር አንድ መዝገብ እንዲይዙ ነው። በመዝገቡ ላይ የመኪናው ስምና የተሠራበት ዓመት፣ የሞተሩ ዓይነት፣ የማጣሪያው ዓይነት ከአምስቱ የትኛው እንደ ሆነ፣ የፋብሪካው የዕቃ ቁጥር፣ የጥርሱና የጎማው ልክ፣ ቫልቩ ያለበት ቦታ ይጻፍ። አንድ መስመር በተጻፈ ቁጥር ለወደፊቱ አንድ ስሕተት ይቀራል። ደንበኛው አሮጌውን ፊልትሮ ይዞ እንዲመጣ ማሳሰብም መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ አሮጌው ራሱ ቀድሞ በስሕተት የተገጠመ ሊሆን ስለሚችል፣ የሞተሩን ማሰሪያ ራሱን መለካት የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ላዳው ከታደሰ ከብዙ ጊዜ በኋላ በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ ወጣቱ ባለሱቅ አይቶ ጠራኝ። የሆነውን መካኒኩ ነግሮት ኖሯል። ይቅርታ ከጠየቀኝ በኋላ በጠረጴዛው ላይ በሰንሰለት የታሰሩ ሁለት አጫጭር ብረቶች አሳየኝ። ቶርኖ ቤት ሄዶ አንዱን በኢንቹ ልክ፣ ሁለተኛውን በ20 ሚሊ ሜትሩ ልክ አስወጥቷቸዋል። ፊልትሮ በሸጠ ቁጥር በደንበኛው ፊት በብረቱ ላይ አዙሮ ያሳያል፤ የማይገጥመውን አይሸጥም። «ጋሼ፣ በዚህ ምክንያት ገዢ ሲመለስብኝ ዐዝን ነበር፤ አሁን ግን የተመለሰው ሰው ራሱ ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ፊልትሮ የምገዛው ከእርሱ ነው።

የሁለቱ ብረቶች ዋጋ ከጥቂት ፊልትሮዎች ዋጋ አይበልጥም፤ የቶርኖ ቤት በሌለበት ከተማ የለም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ የመለዋወጫ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ያለውን መለኪያ በጠረጴዛው ላይ ቢያኖር፣ መዝገቡንም ከዛሬ ቢጀምር፣ የደንበኞቹን ሞተርና የራሱን ስም በአንድነት ይጠብቃል።